የባሕር ዳርቻ እንዴት እንደሚፈጠርና እንዴት እንደሚከፋፈል
(በራካ ጠረፍ ምሳሌነት የቀረበ ትምህርት)



ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ዘጌ ገዳማት በጀልባ የሚሻገር ሰው ልብ ብሎ ቢመለከት፥ የጣና ዳርቻ በሁሉ ስፍራ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ይረዳል። በዘጌ በኩል ጥቁር ድንጋይ እስከ ውሃው ወርዶ፥ ዛፉ ጥላውን በሐይቁ ላይ ይጥላል። ግልገል ዓባይ በሚገባበት በኩል ግን ወንዙ ከደጋ ያመጣው ደለል ተከማችቶ፥ ምድሩ ራሱ እንደ ምላስ ወደ ሐይቁ ገፍቶ ይታያል። ውሃው አንድ ሲሆን ዳርቻው ስለ ምን ተለያየ? ብሎ የሚጠይቅ ሰው የዚህን ትምህርት ደጃፍ ከፍቷል ማለት ነው።

ለዛሬው ትምህርት ምሳሌ አድርገን የመረጥነው ግን ሩቅ ያለውን ጠረፍ ነው፤ ይኸውም በምሥራቅ ሳዑዲ ዓረቢያ፥ በደማምና በኮባር ከተሞች መካከል የሚገኘው የራካ ሰፈር ዳርቻ ነው። የመረጥንበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፥ ከአገራችን ብዙ ሰው ለሥራ ወደዚያ አገር ስለሚሄድ የደማምና የኮባር ስም በየቤቱ ይሰማል፤ ወንድምና እኅት የሚኖሩበትን ምድር ማወቅ ደግሞ መልካም ነው። ሁለተኛ፥ ይህ ጠረፍ ዓይንን የሚያታልል ነው። ዓይን ጽኑ ነው የሚለው መሬት ደካማ ሆኖ፥ ዓይን ሰላማዊ ነው የሚለው ወሽመጥ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ለጉዳት የቀረበ ሆኖ ይገኝበታል። ስለዚህ ዳርቻን በመልኩ ሳይሆን በአፈጣጠሩ ማወቅ እንደሚገባ ከዚህ ጠረፍ እንማራለን።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

፩. ዳርቻ ምንድር ነው?

በተለመደው አነጋገር ዳርቻ ማለት ውሃ የሚያልቅበት፥ የብስ የሚጀምርበት ቦታ ነው። የምድርን መልክ የሚመረምሩ ሊቃውንት ግን ነገሩን በሦስት ይለዩታል። መጀመሪያው ውሃው የደረሰበት መስመር ነው፤ ይህም ከሰዓት ወደ ሰዓት ይንቀሳቀሳል። ሁለተኛው ባሕሩ ሲሞላ የሚሰጥም፥ ሲጐድል የሚገለጥ ጠባብ ምድር ነው። ሦስተኛው ከዚያ በስተ ኋላ ያለው፥ ዛሬ ደረቅ ቢሆንም የባሕሩ ሥራ የሚታይበት ሰፊ አገር ነው፤ የአሸዋ ክምሩ፥ የጨው ሜዳው፥ ገደሉ በዚህ ውስጥ ይቈጠራል።

መስመሩ በአንድ ቀን ይታያል፤ አገሩ ግን በብዙ ሺህ ዓመት የተሠራ ነው። ስለዚህ መስመሩን ብቻ አይቶ ስለ ዳርቻ የሚፈርድ ሰው የመጽሐፍን የመጨረሻ ቅጠል ብቻ አንብቦ መጽሐፉን ዐወቅሁ እንደሚል ተማሪ ነው።

፪. ዳርቻን የሚሠሩ ኃይላት

ዳርቻን የሚሠሩት ዋና ዋና ኃይላት አምስት ናቸው።

ሀ/ የምድሩ ድንጋይ። ጽኑ ድንጋይ ለማዕበል ቶሎ አይሸነፍም፤ ገደልና ልሳነ ምድር ሆኖ ይቀራል። ልል መሬት ግን ይሸረሸርና ወሽመጥ ይሆናል።

ለ/ የባሕሩ ከፍታ። ባሕር በዘመናት ውስጥ ከፍም ዝቅም ይላል። ከፍ ሲል ሸለቆውን ይሞላል፤ ዝቅ ሲል የባሕሩን ወለል ለፀሐይ ይገልጣል። ምድሩም ራሱ ሊነሣ ወይም ሊሰምጥ ይችላል።

ሐ/ ማዕበል እንዲሁም የባሕር መሙላትና መጕደል። ማዕበልን የሚያስነሣው ነፋስ ነው፤ ባሕሩን የሚያስሞላውና የሚያጐድለው ግን የጨረቃና የፀሐይ ስበት ነው። ማዕበል ወደ ዳርቻ በሰያፍ ሲመጣ አሸዋውን ከአንዱ ቦታ እያነሣ ወደ ሌላው ይወስደዋል፤ ስለዚህ አንዱ ዳርቻ ሲበላ ጐረቤቱ ይጠግባል።

መ/ ነፋስና ወንዝ። ነፋስ አሸዋን ይቈልላል፤ ወንዝ ደለልን ያመጣል።

ሠ/ ሕይወት ያላቸው ፍጥረታት። ኮራል የተባለው ትንሽ የባሕር እንስሳ አጥንቱን በአጥንት ላይ እየደረበ የድንጋይ ግንብ ይሠራል። ማንግሮቭ የተባለው ዛፍ ደግሞ በጨው ውሃ ውስጥ ቆሞ ጭቃውን በሥሩ ይይዛል። በእኛ አገር ባሕር ዛፍ ከምንለው ጋር በስም መቀራረብ እንጂ ዝምድና የለውም።

በዘመናችን ስድስተኛ ኃይል ተጨምሯል፤ እርሱም ሰው ነው። ስለ እርሱ በኋላ እንናገራለን።

፫. የራካ ጠረፍ እንዴት ተፈጠረ?

የዓረብ ምድር በምዕራብ በኩል ከአፍሪካ ይርቃል፤ በምሥራቅ በኩል ግን የኢራንን ምድር ይገፋል። በምዕራብ የተከፈተው ስንጥቅ ቀይ ባሕር ሆነ፤ በምሥራቅ ግፊቱ የዛግሮስን ተራሮች አነሣ። ከተራሮቹም በፊት ለፊት ምድሩ ጐብጦ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ገበቴ ሆነ። ራካ የሚገኝበት ባሕረ ሰላጤ ይኸው ገበቴ ነው። ርዝመቱ ወደ 1000 ኪሎ ሜትር ሲሆን አማካይ ጥልቀቱ ግን 35 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ቀይ ባሕር በመካከሉ ከ2000 ሜትር በላይ የሚጠልቅ በመሆኑ፥ የአንድ ምድር ሁለት ጐኖች ምን ያህል እንደሚለያዩ ከዚህ ይታወቃል።

ከዛሬ 20 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በምድር ላይ ታላቅ ብርድ ነበረ። ብዙ ውሃ በረዶ ሆኖ በሰሜን አገሮች ላይ ስለ ተከመረ፥ የዓለም ባሕር ከዛሬው በ120 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ነበር። የባሕረ ሰላጤው ጥልቀት ከዚህ ያነሰ ስለሆነ ወለሉ በሙሉ ደረቅ ምድር ነበረ። ዛሬ መርከብ በሚሄድበት ላይ ያን ጊዜ ነፋስ አሸዋ ይነዳበት ነበር። ጣናም ከዛሬ 17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደ ነበር ከወለሉ የወጣው ደለል ይመሰክራል፤ ምክንያቱ ግን የተለየ ነው። በዚያ ባሕሩ ሸሸ፤ በእኛ ዘንድ ዝናሙ ቀረ።

በረዶው ሲቀልጥ ባሕሩ በሆርሙዝ መተላለፊያ በኩል ገባ። መግባት የጀመረውም ከዛሬ 14 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከዛሬ 6 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት አሁን ካለበት መስመር ደረሰ፤ እንዲያውም ከዚያ አልፎ ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቆየና ተመልሶ ዝቅ አለ። ይህ ትንሽ ከፍታ በገደላማ አገር ቢሆን ምንም ባልመሰለ ነበር። ምድሩ እንደ ገበታ ዝርግ በሆነበት በዚህ ጠረፍ ግን ባሕሩ ብዙ ርቀት ወደ የብስ ገብቶ ነበር፤ ሲመለስም ሰፊ ዝርግ ሜዳ ትቶ ሄደ። የራካ አካባቢ ምሥጢር በዚህ ላይ ነው፤ ዛሬ የብስ የሚመስለው ብዙው ቦታ ትናንት የባሕር ወለል ነበረ።

በዚህ ዝርግ አገር መካከል አንድ ጕብታ አለ፤ የደማም ጕልላት ይባላል። በምድር ጥልቅ ውስጥ ያለ የጨው ክምችት ወደ ላይ ገፍቶ የኖራ ድንጋዩን አነሣው፤ የዛህራን ከተማ በዚሁ ላይ ተሠራች። በ1938 ዓ.ም. በሳዑዲ ዓረቢያ ለንግድ የሚበቃ ነዳጅ ዘይት በመጀመሪያ የተገኘበት የደማም 7ኛ ጕድጓድም የተቈፈረው በዚህ ጕልላት ላይ ነው። እንግዲህ የጠረፉ ድንጋያማ ክፍልና የአገሩ ሀብት ከአንድ ምክንያት የወጡ ናቸው።

፬. በራካ ዙሪያ የሚታዩ የዳርቻ ዓይነቶች

ከራካ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ጥቂት ርቀት የሚሄድ ሰው ብዙ ዓይነት ዳርቻ ያገኛል።

የመጀመሪያው የአሸዋ ዳርቻ ነው። ከኮባር በስተ ደቡብ የግማሽ ጨረቃ ወሽመጥ የሚባል አለ። ሸማል የተባለው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ የነዳው አሸዋ ተቈልሎ እስከ ባሕሩ ይደርስበታል።

ሁለተኛው የጭቃ ሜዳ ነው። ከደማም በስተ ሰሜን፥ በቀጢፍ በኩል የታሩት ወሽመጥ ይገኛል። ማዕበሉ በዚያ ደካማ ነው፤ ባሕሩ ሲጐድል ሰፊ ጭቃ ይገለጣል። ማንግሮቭም በዚህ ይበቅላል፤ ዓሣና ሽሪምፕ በሥሩ ተጠልለው ያድጋሉ፤ መንገደኛ ወፎችም ይመገቡበታል።

ሦስተኛው ዐረቦች ሰብኻ የሚሉት የጨው ሜዳ ነው። አፈጣጠሩ እንዲህ ነው፦ ከምድሩ በታች፥ ብዙ ሳይጠልቅ፥ ጨዋማ ውሃ አለ። በዚህ አገር ዝናሙ በዓመት በአማካይ 100 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ፀሐዩ ግን ብርቱ ነው። ውሃው የመብራት ክር ዘይትን እንደሚስብ ሆኖ በአፈሩ ውስጥ ወደ ላይ ይሳባል፤ ከላይ ሲደርስ ይተናል፤ ጨውና ጀሶ ግን በአፈሩ ውስጥ ይቀራሉ። ነፋስም የደረቀውን አሸዋ እየጠረገ እስከ እርጥቡ ድረስ ይወስደዋል፤ እርጥቡን ግን ሊያነሣው አይችልም። ስለዚህ ሰብኻ በሜዳነቱ ወደር የለውም። ጨው ያሰረው ቅርፊቱ በደረቅ ጊዜ ሲረግጡት ጽኑ ነው፤ ከቅርፊቱ በታች ግን ልል ጭቃ ነው።

አራተኛው በሰው እጅ የተሠራው ዳርቻ ነው። ባሕሩ ጥልቀት ስለሌለው መርከብ ወደ የብስ መቅረብ አይችልም ነበር፤ ስለዚህ በደማም ወደ ጥልቁ ውሃ የሚዘልቅ ረጅም መንገድ ተሠርቶ ወደብ ተዘጋጀ። ከዚያ በኋላ ከተሞቹ ሲያድጉ ባሕሩ በድንጋይና በአፈር እየተሞላ መናፈሻና ሰፈር ሆነ። በደማም ፊት ለፊት ያለው የመርጃን ደሴትም ሰው የሠራው ነው። በ1986 ዓ.ም. የተከፈተው የንጉሥ ፋህድ ድልድይ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕር አቋርጦ የኮባርን ወገን ከባሕሬን ያገናኛል። በዚህ ሁሉ ሥራ መካከል ከታሩት ወሽመጥ ማንግሮቭ ብዙው ክፍል መጥፋቱን ግን ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም።

፭. የሊቃውንት አከፋፈል

ሊቃውንት ዳርቻዎችን በየወገናቸው ለማስቀመጥ ልዩ ልዩ መንገድ አውጥተዋል። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

አሜሪካዊው ዳግላስ ጆንሰን በ1919 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ ዳርቻዎችን በአራት ከፈለ፤ እነርሱም የሰመጠ፥ የወጣ፥ ከሁለቱም ያልሆነና የተቀላቀለ ናቸው። በዚህ አከፋፈል የራካ ጠረፍ የተቀላቀለ ነው፤ መጀመሪያ ባሕር ገብቶበት ሰመጠ፥ ኋላ ባሕሩ ጥቂት ዝቅ ሲል ወጣ።

ፍራንሲስ ሼፓርድ በ1937 ዓ.ም. ሌላ መንገድ አቀረበ። ዳርቻውን የሠራው የብስ ነው ወይስ ባሕር? ብሎ በመጠየቅ፥ በወንዝ፥ በነፋስና በእሳተ ገሞራ የተሠራውን የመጀመሪያ ዳርቻ፥ በማዕበልና በባሕር ፍጥረታት የተሠራውን ሁለተኛ ዳርቻ አለው። በዚህ መሠረት የግማሽ ጨረቃ ወሽመጥ የአሸዋ ክምር ከመጀመሪያው፥ የታሩት ማንግሮቭ ከሁለተኛው ወገን ይሆናል።

ጀርመናዊው ሃርትሙት ቫለንቲን በ1952 ዓ.ም. ዳርቻዎችን ወደ ባሕር የሚገፉና ወደ የብስ የሚያፈገፍጉ ብሎ ለያቸው። ደለል የሚጨመርበት ዳርቻ፥ የወጣ ዳርቻም፥ ይገፋል፤ የሚሸረሸርና የሚሰምጥ ያፈገፍጋል። የራካ ፊት ለፊት ዛሬ የሚገፋው ይልቁንም በሰው ሥራ ነው።

ኢንማንና ኖርድስትሮም በ1971 ዓ.ም. ከሁሉ ሰፋ አድርገው የምድርን ቅርፊት እንቅስቃሴ መሠረት አደረጉ። ምድር ከምድር የምትጋጭበት ዳርቻ አንድ ወገን ነው፤ ምድር ከምድር ተለይታ የምትሄድበት ዳርቻ ሌላ ወገን ነው። የቀይ ባሕር ዳርቻ ገና በቅርቡ ለተለያየው ወገን ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። የአክሱም መንግሥት ወደብ አዱሊስ በነበረችበት በዙላ ወሽመጥ ዳር፥ አብዱር በተባለው ስፍራ፥ የ125 ሺህ ዓመት ዕድሜ ያለው የኮራል ድንጋይ ከባሕሩ ከፍ ብሎ ይታያል። በውስጡም የጥንት ሰዎች የሠሩት የድንጋይ መሣሪያ ተገኝቷል። ምድሩ በመነሣቱ የባሕር ወለል የነበረው ዛሬ የብስ ሆኗል።

አንባቢ ሆይ፥ ስለ አንድ ዳርቻ አራት ስም ሲሰጥ ሰምተህ ሊቃውንቱ አልተስማሙም አትበል። የመጽሐፍ መምህር አንዱን ቃል ተርጕሞ ሲያበቃ ‹‹አንድም›› ብሎ ሌላ እንደሚጨምር ታውቃለህ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አያፈርሰውም። ጆንሰን የባሕሩን ከፍታ፥ ሼፓርድ ሠሪውን፥ ቫለንቲን አካሄዱን፥ ኋለኞቹ የምድሩን መሠረት ጠየቁ። የጥያቄው መለያየት የመልሱን መለያየት አመጣ።

፮. አከፋፈሉ ምን ይጠቅማል?

‹‹ስም መስጠት ምን ይረባል? ዳርቻው እንደሆነ ስም ቢሰጡትም ባይሰጡትም አይለወጥ›› የሚል ተማሪ አይጠፋም። መልሱን በሁለት ነገር እናስረዳለን።

የመጀመሪያው ቤት መሥራት ነው። በበጋ ሰብኻ ላይ የቆመ ሰው ከዚህ የተሻለ የቤት ቦታ የለም ሊል ይችላል፤ ሜዳ ነው፥ ጽኑ ነው፥ ዛፍና ድንጋይ የለበትም። ነገር ግን አፈሩን ያያያዘው ጨው ነው፤ ጨው ደግሞ በውሃ ይሟሟል። ዝናም ሲዘንም ወይም የተቀበረ የውሃ ቧንቧ ሲያፈስ ጽኑ የነበረው ይለሰልሳል፥ መሬቱም ይሰጥማል፤ ግድግዳውም ይሰነጠቃል። ጨውም በሲሚንቶው ውስጥ ዘልቆ ብረቱን ያዝገዋል፤ ዝገቱም እያበጠ ሲሚንቶውን ይፈነቅለዋል። ስለዚህ መሐንዲሶች በእንዲህ ያለ ቦታ አስቀድመው አፈሩን ይመረምራሉ፤ ወይ ደካማውን አፈር አውጥተው በሌላ ይተካሉ፥ ወይ ምሰሶ እስከ ጽኑው ድረስ ያወርዳሉ፥ መሠረቱንም ከጨው በሚከላከል ነገር ይለብጡታል። ‹‹ይህ ሰብኻ ነው›› የምትለው አንዲት ቃል የብዙ ሰው ቤት ታድናለች።

ሁለተኛው በ1991 ዓ.ም. የደረሰው ጥፋት ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ፥ በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ፥ ከኩዌት በኩል በብዙ ሚሊዮን በርሜል የሚቈጠር ድፍድፍ ዘይት ወደ ባሕሩ ፈሰሰ። ነፋሱና የውሃው ጅረት ወደ ደቡብ ነድተውት፥ የወሽመጡ እጥፋት ሁሉ ሲቈጠር ወደ 700 ኪሎ ሜትር የሚሆን የሳዑዲ ዳርቻ በዘይት ተለበጠ። አብዛኛው ከጁባይል በስተ ሰሜን ባለው በአቡ ዓሊ ደሴት ስለ ተያዘ፥ የደማምና የኮባር ጠረፍ ከዋናው ጥፋት ተርፏል።

ከዚህ ጥፋት 13 ዓመት አስቀድሞ፥ በ1978 ዓ.ም.፥ ጉንድላክና ሄይስ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ዳርቻዎችን ዘይት ቢደርስባቸው ሊደርስባቸው በሚችለው ጉዳት መጠን ከ1 እስከ 10 በደረጃ አውጥተው ነበር። ማዕበል የሚመታውን የድንጋይ ዳርቻ በ1ኛ፥ ማለትም ጉዳቱ አነስተኛ በሆነበት፥ አኖሩት። ጸጥ ያለውን የጨው ረግረግና የማንግሮቭ ዳርቻ ግን በ10ኛ፥ ከሁሉ ይልቅ በሚጐዳው፥ አኖሩት። ነገሩ ለሰሚ እንግዳ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ማዕበል የሚመታው ድንጋይ ዕለት ዕለት ይታጠባል። ወደ ጸጥተኛው ወሽመጥ የገባ ዘይት ግን የሚያወጣው ኃይል የለም፤ ሸርጣኖች በቈፈሩት ጕድጓድ ወርዶ በጭቃው ውስጥ ይቀመጣል።

የሆነውም እንደዚሁ ነው። ማዕበል ያለበት ዳርቻ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሲጠራ፥ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ የጨው ረግረጉ ሲመረመር ዘይቱ በሸርጣን ጕድጓዶች ውስጥ ገና እርጥብ ሆኖ ተገኘ። ከተደረጉትም መፍትሔዎች አንዱ ቦይ መቈፈር ነበር፤ ይኸውም የባሕሩ መሙላትና መጕደል ወደ ረግረጉ ተመልሶ እንዲደርስና ጭቃው እንዲተነፍስ፥ ሸርጣኑም እንዲመለስ ነው። አከፋፈሉን የሚያውቅ ሰው አደጋ ሲመጣ አስቀድሞ የትኛውን ወሽመጥ መዝጋት እንዳለበት ያውቃል፤ የማያውቅ ግን ድንጋዩን ሲያጥብ ማንግሮቩ ይሞትበታል።

መደምደሚያ

እንግዲህ ከዚህ ትምህርት ሦስት ነገር እንያዝ። ዳርቻ ቋሚ ወሰን አይደለም፤ በዘመናት ይገባል፥ ይወጣል። አንድ ዳርቻ በብዙ መንገድ ሊከፈል ይችላል፤ እያንዳንዱ አከፋፈል የየራሱን ጥያቄ ይመልሳል። ከሁሉም በላይ መልክ አያስተማምንም፤ ጽኑ የሚመስለው በጨው የታሰረ ጭቃ፥ ሰላማዊ የሚመስለውም የወደቀበትን የማይለቅ ሊሆን ይችላል።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 የተነገረውን የሁለቱን ቤት ሠሪዎች ምሳሌ ሁላችን እናውቀዋለን። ቤቶቹ ሲታዩ ልዩነት አልነበራቸውም፤ የተለያዩት ከታች ነው፤ ልዩነቱም የታወቀው ጎርፍ በመጣ ጊዜ ነው። በጸጥታ ቦታ ለምንኖር ለእኛ ደግሞ የወሽመጡ ነገር የሚገባን ምክር አለው፦ ጸጥታ መልካም ነው፤ ነገር ግን በጸጥተኛ ቦታ የገባ ክፉ ነገር ማዕበል አያጥበውምና ቦዩን ክፍት አድርጎ መጠበቅ ያሻል።

ወደ ጣና የምትሻገሩ ተሳላሚዎች፥ ወደ ሩቅ አገርም የምትሄዱ ወንድሞችና እኅቶች፥ ዳር ስትደርሱ ጥቂት ቆማችሁ ተመልከቱ፤ ‹‹ይህን ማን ሠራው? በምን ላይስ ቆሜአለሁ?›› ብላችሁም ጠይቁ።

የጥናት ጥያቄዎች

1. ዳርቻ በሦስት የሚለየው እንዴት ነው? ሦስቱንም በጣና ዳር በምታውቀው ቦታ አሳይ።
2. ባሕረ ሰላጤው ደረቅ ምድር የነበረው ስለ ምንድር ነው? የጣና መድረቅ ምክንያትስ ከዚህ በምን ይለያል?
3. ሰብኻ እንዴት እንደሚፈጠር በቅደም ተከተል ተናገር።
4. የራካ ጠረፍ በጆንሰን አከፋፈል የተቀላቀለ የተባለው ለምንድር ነው?
5. በ1978 ዓ.ም. በወጣው ደረጃ ጸጥተኛው ዳርቻ ከሁሉ ይልቅ የሚጐዳ የሆነበትን ምክንያት አስረዳ።